ጫማውን ያሰፋሽለት ቀን

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የምናነበው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን እንድታውቅ ስለማልፈልግ ስሜን በአንድ ፊደል ብቻ አስቀምጫለሁ።

ዕድሜዬ 31 ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። አራት ዓመት የቆየሁት ጓደኛ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

በጣም ጥሩ ሰው ነው። ካዛንቺስ ያደግኩበት ቤት ሲፈርስ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ ዕቃችንን ተሸክሞ አወጣ። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ሲጠፋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ ያመጣል። ታናሽ ወንድሜን ሒሳብ ያስጠናዋል። አምሽቼ ስወጣ ለገሃር ድረስ መጥቶ ታክሲ ያሳፍረኛል። ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን የሆንኩ ጊዜ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ሁለት ሌሊት አደረ። ከእህቴ ጋር ተኳርፈን ያስታረቀን እሱ ነው። ደሞዝ ሲያልቅብኝ ሳልጠይቀው ብር ይልክልኛል። እኔም እወደዋለሁ። ባለፈው ክረምት የጫማው ሶል ተላቆ ውሃ ያስገባበት ነበር። ለሠርጉ እያጠራቀመ ስለሆነ አዲስ አይገዛም። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ጫማውን በፌስታል ይዤ ወጥቼ አሰፋሁለት።

ግን እትዬ፣ ከአምስት ወር በፊት ከሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሮ የመጣ ልጅ አለ። ድምፁን ኮሪደር ላይ ስሰማ እጄ ይቀዘቅዛል። በሻይ ሰዓት ማኪያቶ ሊጠጣ ሲወርድ እኔም ሰበብ ፈልጌ እወርዳለሁ። እሱ ያልመጣ ቀን ቀኑ ቀን አይመስለኝም። ማታ ስተኛ ያለኝን ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። እሱ ምንም አያውቅም። ምንም የተፈጠረ ነገርም የለም። ከጓደኛዬ ጋር ግን እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ መጀመሪያም ቢሆን።

ጓደኛዬን እወደዋለሁ፤ ግን ፍቅር አልያዘኝም። መውደድና ፍቅር መያዝ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሽማግሌው ይምጣ ወይስ ይቅር?

ሀ. ነኝ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነበር። አሳጥሬ ነው ያወጣሁት። ፊርማሽን ግን አልነካሁትም። ቤቱ ፈርሶ፣ እናንተም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ፣ አሁንም «ከካዛንቺስ» ብለሽ መፈረምሽ አንጀቴን በላው። እኔም የፒያሳ ልጅ ነኝ። ስሜቱን አውቀዋለሁ።

«ፍቅር አልያዘኝም» ነው ያልሽው። ይቺን ቃል ቆም ብለን እንያት። በአማርኛ ጉንፋን ይይዛል። ወባ ይይዛል። ዝናብ መንገድ ላይ ይይዛል። ፍቅርም ይይዛል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውየው የሚያደርገው ነገር የለም፤ የሚደረግበት ነው። «ወደድኩት» ስትይ ግን አድራጊዋ አንቺ ነሽ። «አፈቀርኩት» የሚለውንም ብንወስድ እንዲሁ ነው፤ እሱን እንኳ በአፋችን ብዙ አንለውም፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። እኛ ስንነጋገር ወይ «እወደዋለሁ» ነው ወይ «ይዞኛል»።

ስለዚህ ጥያቄሽ አዲስ አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። የሚያስቸግረው የትኛው ምን እንደሆነ በራስ ላይ ማወቁ ነው። ለዚህ ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። ከራሴ በላይ የማውቀው የለም።

በ1976 እኔ የ22 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የጽሕፈት መኪና ሲበላሽ እየተጠራ የሚመጣ ጠጋኝ ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ የእጅጌውን ቁልፍ ፈትቶ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያጥፍ። አንድ ቀን የእኔን መኪና ሲሠራ «እጅሽ ፈጣን ነው» አለኝ። በቃ። ሌላ ምንም አላለኝም። ያን ቀን ማታ እራት መብላት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። የመኪናዬን አንዷን ፊደል ሆን ብዬ በጣቴ አጣመምኳት። እሱ እንዲጠራ። መጣ፣ ሠራ፣ ሄደ። ደግሜ አጣመምኳት። ከሥራ ስወጣ ቤቴ በአቋራጭ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ከፖስታ ቤት እስከ ማዘጋጃ ቤት ዳገቱን ወጥቼ፣ በወርቅ ቤቶቹ በኩል ዞሬ፣ ቆሞ ቡና ይጠጣበታል በተባለው ቤት በር ሁለት ጊዜ አልፌ ነው የምገባው። ካየሁት ሌሊቱን አልተኛም። ካላየሁት ሌሊቱን አልተኛም። ክብደቴ ቀነሰ። እናቴ መጀመሪያ ወባ ነው አለች። ቀጥላ ዓይን ነው አለች። በመጨረሻ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወስዳ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችኝ። በብርድ፣ ገና ሳይነጋ። እኔም በሽታዬን እያወቅኩት ዝም ብዬ ተጠመቅኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ሰውየው ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ስንብት እንኳ አልነበረም፤ እሱ ምን ያውቃል? አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ራበኝ። ሽሮ ከትናንት የተረፈ ነበር። ቆሜ በላሁት። ያን ጊዜ እንደለቀቀኝ አወቅኩ።

እናቴ በሽታ ነው ማለቷ ስህተት አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያወቅኩት። እ.ኤ.አ. በ1999 በጣሊያን የፒሳ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ዶናቴላ ማራዚቲና ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ፍቅር ከያዛቸው ስድስት ወር ያልሞላቸው 20 ሰዎች ደም ተወሰደ። አንድ ሐሳብ እየመላለሰ የሚያስጨንቃቸው፣ እጃቸውን ደጋግመው የሚታጠቡ፣ በሩን ደጋግመው ቆልፌ ይሆን የሚሉ፣ በሕክምና የታወቁ 20 ሕሙማንም ተጨመሩ። ጤነኛ 20 ሰዎች ደግሞ ለማነጻጸሪያ። በደማቸው ውስጥ ሴሮቶኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሲለካ፣ ፍቅር የያዛቸውና ሕሙማኑ ተመሳሰሉ። ከጤነኞቹ ያነሰ ነበር። ከ12 እስከ 18 ወር ቆይተው ከፍቅረኞቹ ጥቂቶቹን እንደገና ሲለኩ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ይህን ሳነብ ያቺን የተጣመመች ፊደል አስታወስኩ። ያ እጅ የእኔ ነበር፤ ግን የያዘኝ ነገር ነበር የሚያንቀሳቅሰው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ስለ ሥራ ባልደረባሽ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈሻል። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እሱ የምታውቂው ሦስት ነገር ነው፦ ድምፁን፣ ጃኬቱን፣ ማኪያቶውን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ። የቀረው ሁሉ ስለ አንቺ ነው። ስለ እጅሽ መቀዝቀዝ፣ ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ልብሽ። ሲናደድ ምን እንደሚሆን አታውቂም። ገንዘብ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ አታውቂም። እናቱን እንዴት እንደሚያናግራት አልሰማሽም። እኔም ጠጋኙን አላውቀውም ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ፒያሳ አግኝቼው ሰላም ተባባልን። ድምፁ እንኳ እኔ በልቤ ያኖርኩት ድምፅ አልነበረም።

እንዲህ ስልሽ ግን የተሰማሽን እየናቅኩብሽ አይደለም። ጥፋትም አልሠራሽም። ጉንፋን የያዘው ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ፊደሏን ማጣመም ስትጀምሪ ነው ወደ ጥፋት የምትገቢው። ለልጁ ምንም አትንገሪው። የሻይ ሰዓትሽን ቀይሪው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀይሪው።

የእኔ ትዳር ደግሞ እንዲህ ነበር። በ1983 ነው ያገባሁት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። አክስቴ ናት ያስተዋወቀችን። ሳገባው ፍቅር አልያዘኝም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ዛሬ ለአንቺ መጻፌ ነው። ደግ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ይበቃኛል ብዬ ነው የገባሁት።

የማታ ተረኛ የሆነ ሳምንት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው ቤት የሚደርሰው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብለን ነበር የምንኖረው። በእግሩ ነው የሚመጣው። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ቀለም አለ፣ ምንም ቢታጠብ አይለቅም። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ሲከፍት ነበር የምነቃው። ቀጥሎ የግቢው ውሻ ሲጮህ መንቃት ጀመርኩ። በሦስተኛው ዓመት ግን ውሻው ሳይጮህ፣ ምንም ሳይሰማ፣ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዓይኔ ይገለጥ ጀመር። ተነስቼ ምድጃውን እለኩሳለሁ። ውሃ አሞቃለሁ። ለእጁ ነው ውሃው።

አንድ ሐምሌ ሌሊት 11 ሰዓት አለፈ። 11 ተኩል ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊያፈርሰው ነው የደረሰው። ውሃውን ሁለት ጊዜ አሞቅኩት። 12 ሰዓት ሲሆን ጋቢ ደርቤ፣ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ስወጣ እሱ ከወዲያ እየመጣ ነው። ማሽን ተበላሽቶባቸው ነው የቆዩት። ልብሱ ከላዩ ይንጠባጠባል። «ምን ልትሠሪ ወጣሽ በዚህ ዝናብ?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ተቆጣሁት። በአንድ ጃንጥላ እየተቆጣጣን ቁልቁል ወረድን።

በዚያ መንገድ ላይ ልቤ አልዘለለም። እጄ አልቀዘቀዘም፤ ይልቅ ጃንጥላውን ወደ እሱ ሳዘነብል የእኔ ትከሻ እንደበሰበሰ ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። እወደው እንደነበር ያወቅኩት ያን ጠዋት ነው። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። ግን ውሃውን ያሞቅኩት እኔ ነኝ፣ በሩን ከፍቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም ይዞ አላወጣኝም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ብዙ ሰው ይህን ስለማይናገር። «ፍቅር ያልፋል፣ መውደድ ብቻ ነው የሚቀረው» ሲሉ ትሰሚያለሽ። እኔ ያየሁት እንደዚያ አይደለም። ከተጋባን በ11ኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከፖስታ ቤት ወጥቼ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ፣ ከማዶ ጀርባውን የሰጠኝ አንድ ሰው አየሁ። ቆሎ ሻጭ ዘንድ ቆሞ ሳንቲም ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። ልቤ ድንግጥ አለ። ልክ እንደ 1976ቱ። ባለትዳር ሴት ነኝና አፈርኩ፣ ዓይኔን ሰበር አደረግኩ። ሰውየው ዞር ሲል ባለቤቴ ነው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አልጠራሁትም። ቆሎውን እየቆረጠመ ወደ ጊዮርጊስ በኩል እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት።

ይህም በምርምር የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ አርተር አሮንና ሄለን ፊሸር ከባልደረቦቻቸው ጋር ፍቅር የያዛቸውን 17 ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ ሲያዩ፣ የፍቅረኛቸው ፎቶ ሲቀርብላቸው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚመነጭበት ሥፍራ ሲነቃ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ያው ቡድን ከቢያንካ አሴቬዶ ጋር ሆኖ ሌላ ጥናት አወጣ። አሁን ግን በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የቆዩ፣ አሁንም የትዳር ጓደኛቸውን አጥብቀው እንደሚያፈቅሩ የተናገሩ 17 ሰዎች ናቸው። ፎቶው ሲታያቸው ያው ሥፍራ ነቃ። ልዩነቱ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት መቅረቱ ነው። እኔ የቆሎውን ቀን ያገኘሁት ግን ያለ ውሃውና ያለ ጃንጥላው የሚሆን አይመስለኝም።

ታዲያ «ፍቅር ከትዳር በኋላ ይመጣል፣ አግቢው» ልልሽ ነው? አይደለም። የእኛ እናቶች ይህን ይሉ ነበር። የእኔ እናት አባቴን ያየችው በሠርጉ ቀን ነው። ለመጣላቸው መጥቶላቸዋል። ላልመጣላቸው ግን ማን ጠየቃቸው? እኔ ያደግኩበት ሰፈር ውስጥ ብቻ ባላቸው ሲገባ ከክፍሉ የሚወጡ ሦስት ሴቶች አውቅ ነበር። አርባ ዓመት ከክፍል ወደ ክፍል። በዚህ ነገር ለማንም «ይመጣል» ብዬ ዋስ አልሆንም።

ስለዚህ በደብዳቤሽ ውስጥ ያስጨነቀኝ ልጁ አይደለም። ልጁ ይለቅሻል። ያስጨነቀኝ ስለ ጓደኛሽ የጻፍሽው ነው።

እርሳስ ይዤ ቆጠርኩት። ዕቃ አወጣ፣ መድኃኒት አመጣ፣ ወንድሜን አስጠና፣ ታክሲ አሳፈረ፣ ሐኪም ቤት አደረ፣ አስታረቀ፣ ብር ላከ። ሰባት ነው። ሁሉም እሱ ለአንቺ ያደረገው ነው። ከዚያ «እኔም እወደዋለሁ» ትያለሽ። የሰባቱ ድምር አድርገሽ ነው ያስቀመጥሽው። ልጄ፣ ይህ እሱ አንቺን እንደሚወድ ነው የሚነግረኝ። አንቺ እሱን መውደድሽን ገና አልነገረኝም።

በአገራችን ውለታ ከባድ ነገር ነው። ክፉ ነገርም አይደለም፣ ብዙዎቻችን በውለታ ነው ያደግነው። ግን ውለታ ልብን ሲሞላው መውደድ ይመስላል። ሰውየው ሲመጣ ደስ ይልሻል። ሲከፋው ትጨነቂያለሽ። እናትሽ ስሙን ስታነሳ ዓይኗ ያበራል። እንዴት ነው እምቢ የምትይው? እዚህ ጋ ያቺ ቃል ትመለሳለች። ይሉኝታም ይይዛል። «ይሉኝታ ይዞኝ» እንላለን አይደል? ፍቅር የያዘው ሰው ያ ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ብዙውን ጊዜ ይለቀዋል። ይሉኝታ የያዘው ሰው ግን ልጅ ወልዶ፣ ልጅ ድሮ፣ እስከ መቃብሩ እንደተያዘ ሲሄድ አይቻለሁ። ከእነዚያ ሦስት ሴቶች ሁለቱ እንደዚያ ነበሩ።

በአንድ በኩል የሥራ ባልደረባሽ ይዞሻል። በሌላ በኩል ይሉኝታው ይዞሽ ይሆናል። በሁለቱ መካከል አንቺ ራስሽ ምን ታደርጊያለሽ ነው ጥያቄው። መውደድ እዚያ ጋ ነው ያለው፣ ካለ።

ሽማግሌውን በተመለከተ፣ ወሩን አራዝሚው። ሽማግሌ አንዴ ከገባ ነገሩ የሁለት ሰው መሆኑ ይቀራል። አባቶች ተነስተው መርቀው፣ ዘመድ ሰምቶ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ከዚያ በኋላ «ልቤ አልሆነልኝም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቂያለሽ። ለእሱ «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ፣ ራሴን ልጠይቅ የምፈልገው ነገር አለ» በይው። ስለ ልጁ መናገር የለብሽም። እንደዚያ ያለ ሰው ይከፋዋል፤ ግን ይሰማሻል። በይሉኝታ ከተሰጠችው ሚስት ይልቅ እውነቱን ብትነግሪው ነው ያከበርሽው። ለውለታው የሚመለስለት እውነት እንጂ ዕድሜሽ አይደለም።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ያነበብኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ከአራት ገጽ ውስጥ አንቺ ለእሱ ያደረግሽው አንዱ ነገር ይህ ነው። ባሳጠርኩት ክፍል ውስጥ ዝርዝሩን ጽፈሽልኛል። ከሰዓት በኋላ ነው፣ እያካፋ ነው። በፌስታሉ ይዘሽ ወረድሽ። ጫማ ሰፊው በላስቲክ ጥላ ሥር በርጩማ ሰጠሽ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ቆየ፣ ከዚያ ዙሪያውን በክር ሰፋው፣ ክሩን በሰም አሽቶ። «ግራው ደግሞ ሊለቅ ነው» ሲልሽ «እሱንም ስፋው» አልሽ። 40 ደቂቃ ተቀመጥሽ። ስልክሽን እንኳ አላወጣሽም፣ የሰውየውን እጅ ነበር የምታዪው። ተመልሰሽ ጫማውን አልጋው ሥር እንደነበረው አድርገሽ አስቀመጥሽ። ለጓደኛሽም አልነገርሽውም። ዛሬም አያውቅም፤ ሶሉ መላቀቁን የረሳው ይመስልሻል።

ይህን ማንም አላዘዘሽም። ማንም አላየሽም። ለሰባቱም የሚመለስ ብድር አይመስልም፤ ብድር የሚመልስ ሰው እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ልቤ እዚያ በርጩማ ላይ የቀረው።

ግን አንድ ነገር አልጻፍሽም፣ እኔም ልገምትልሽ አልፈልግም። በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ማታ ከእሱ ጋር ወደ ፒያሳ የምትወጡበት ነበር ብለሻል፤ የእህትሽ ጓደኞችም ይመጡ ነበር። ጫማውን ስታሰፊ በልብሽ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? እግሩ እንዳይረጥብ ነው ወይስ ከእሱ ጋር ስትሄጂ እንዳታፍሪ? ግራውንም ስፋው ያልሽ ጊዜስ?

ለእኔ ለማሳመር ብለሽ አትመልሺ። ካፈርሽ አፍሬ ነው በይኝ፤ አልፈርድብሽም፣ ያኔ ወደፊት ስለምታደርጊው እንነጋገራለን። የእግሩ መርጠብ ከሆነ ደግሞ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ምን እንዳደረግሽ፣ ወይም ማድረግ ፈልገሽ የቀረሽበትን ጻፊልኝ። ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው። ፋሲካ ሳይደርስ ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ። በአንድ ፊደል ፈርሚው፣ ከካዛንቺስ ብለሽ።